ልጆቹን አንድ ቅዳሜ ወደ ረግረጉ አምጧቸው

በኦክላንድ፣ በአላሜዳ፣ በሳን ሊያንድሮና በአካባቢው ለምትገኙ የአማርኛ ትምህርት ቤት አስተማሪዎች፣ የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ የእድር ዳኞችና ወላጆች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ወገኖቼ፣

ከኦክላንድ ኤርፖርት ሰው እያመላለስኩ ልጆች የማሳድግ ሾፌር ነኝ። ከእናንተ ብዙዎቹን በመኪናዬ አሳፍሬያለሁ፤ ከሀገር ቤት የመጡ እናት አባቶቻችሁንም ሻንጣቸውን ተሸክሜ እስከ በራችሁ አድርሻለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ወፍ ነው። ኑሮው በተወደደበትና ሁላችንም ሁለት ሥራ በምንሠራበት ጊዜ ስለ ወፍ መጻፍ ለአንዳንዶቻችሁ ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል። ነገሩ ግን የልጆቻችንና የእናቶቻችን ነገር ስለሆነ እስከ መጨረሻው እንድታነቡልኝ እለምናለሁ።

መጀመሪያ ቦታውን ልንገራችሁ። ከሄገንበርገር መንገድ ወደ ኤርፖርቱ ስትሄዱ በቀኝ ወደ ፓርዲ ድራይቭ ትታጠፉና ስዋን ዌይን ትይዛላችሁ። ሆቴሎቹንና መጋዘኖቹን እንዳለፋችሁ መንገዱ የሚያልቅ ይመስላል። ከዚያ ወዲያ ያለው ውሃ ነው። ሳን ሊያንድሮ ክሪክ የሚባለው ጅረት ከኦክላንድ ኮረብቶች ተነስቶ፣ ሁለት ቦታ ተገድቦ፣ በሰው ጓሮ ስር እየተሹለከለከ ወርዶ ከባሕሩ ጋር የሚገናኘው እዚህ ነው። መገናኛው ሳን ሊያንድሮ ቤይ ይባላል፤ ከሰፊው የሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ጥግ ነው። ጅረቱ አፍ ላይ 50 ኤከር የሚሆን ረግረግ አለ። ከአውሮፕላን ሲያዩት የቀስት ጫፍ ስለሚመስል አሮውሄድ ማርሽ ብለውታል። በ1870ዎቹ ከላይ ያለው የሻቦ ሐይቅ ግድብ ሲሠራ እየታጠበ የወረደው አፈር ነው እዚህ ተከማችቶ ረግረጉን የፈጠረው ይባላል። ዛሬ በማርቲን ሉተር ኪንግ ስም የተሰየመው የባሕር ዳር ፓርክ አካል ነው። ሁላችንም በቀን ስንት ጊዜ አጠገቡ እናልፋለን።

እኔ ቦታውን ያገኘሁት ተራዬ እስኪደርስ የማርፍበት ጥላ ስፈልግ ነው። ለብዙ ጊዜ መቀመጫዬን ወደ ኋላ አስተኝቼ ስተኛበት ኖሬያለሁ። አንድ የታኅሣሥ ጠዋት የሆነ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ቀና ስል ባሕሩ ጎድሎ፣ ጭቃው እስከ ሩቅ ተገልጦ፣ ጭቃው ላይ ደግሞ ዓይኔ ሊቆጥረው ያልቻለ ወፍ ሰፍሮበታል። ምንቃሩ ወደ ላይ የቆለመመ አለ፤ ወደ ታች እንደ ማጭድ የጎበጠ አለ፤ እግሩ እንደ ቀጭን ሸምበቆ ረዝሞ ቀይ የሆነ አለ። ከሁሉም የሚያንሱት፣ ክብደታቸው 30 ግራም የማይሞላ ትናንሾች፣ ጭቃውን እንደ ልብስ ስፌት መኪና መርፌ ይወጉታል። እነዚህ ትናንሾች የተፈለፈሉት አላስካ ውስጥ ነው። ያን ሁሉ አገር አቋርጠው የሚመጡት ለዚህ ጭቃ ብለው ነው። ትልና ቀንድ አውጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ የሚለቅሙት፤ ጭቃው ላይ የሚያርፈውን ቀጭን፣ ሕይወት ያለው ዝቃጭ በምላሳቸው እየጠረጉ ይመገባሉ።

ጅረት ከባሕር የሚገናኝበት ቦታ እንዲህ የሚበዛበት ምክንያት አለው። ጅረቱ ከኮረብታ ያመጣውን ደለል ባሕሩ ሲገታው ደለሉ ይረጋል። ጣፋጩ ውሃና ጨዋማው ይቀላቀላሉ። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ በሞላ ቁጥር ለጭቃው ምግብ አምጥቶ፣ በጎደለ ቁጥር ገበታውን ለወፎቹ ይገልጥላቸዋል። መሄድ የሚሻለውም ውሃው ሊሞላ አንድ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ነው። ጭቃው እየጠበበ ሲሄድ ወፎቹ ወደ ዳር እየተገፉ ሰው ወዳለበት ይጠጋሉ፤ ያን ጊዜ ያለ ባይኖኩላር እንኳ በባዶ ዓይን ይታያሉ።

አሁን ወደ እናቴ ልምጣ።

እናቴ የፎገራ ሰው ናት። ርብና ጉማራ ጣና በሚገቡበት ሜዳ፣ ክረምት በውሃ ተከብባ፣ በጋ ሽምብራ ስትጠብቅ ያደገች ናት። አባቴ ካረፈ በኋላ አመጣኋት። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ብዙዎቻችን እናቶቻችንን በፍቅር እናመጣቸዋለን፣ ከዚያ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንዘጋቸዋለን። ጠዋት እኔና ባለቤቴ ሥራ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት። እሷ ከቴሌቪዥኑ ጋር። ቀኑን የምታውቀው በታቦቱ ነው፤ ሚካኤል፣ ገብርኤል፣ ማርያም እያለች። ከልጄ ጋር ያላቸው ወሬ «ብይ»፣ «እሺ»፣ «በቃኝ» ነበር። ልጄ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አማርኛ ትሰማለች፣ ግን አትመልስም። አያቷን ትወዳታለች፤ የምትላት ነገር ግን የላትም።

አንድ ቀን እናቴን ለሐኪም ቀጠሮ አላሜዳ ወስጃት ስንመለስ ልጄም አብራን ነበረች። እግረ መንገዴን በስዋን ዌይ ገባሁ። እናቴን አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጥኳትና ነጠላዋን በትከሻዋ ላይ አስተካከልኩላት። ባሕሩ ጎድሎ ነበር። ጥቂት ዝም አለችና «ይሄ ጭቃ የጉማራን ጭቃ ይሸታል» አለች። እኔ ያን ሽታ ለስንት ዓመት መስኮት ስዘጋበት ነው የኖርኩት። ከዚያ እጇን አነሳች፤ «ሳቢሳ!» አለች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። ነጭ ናት፣ አንገቷ ረጅም፣ እግሯ ጥቁር። ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ አንድ እግሯን እያንቀጠቀጠች ዓሣ ታስደነግጣለች። እግሯን ስታነሳ ጣቶቿ ቢጫ ናቸው። «እዩዋት፣ እግሯን እዩት፣ ቢጫ ነው፤ የእኛም እንዲሁ ነው።» እውነቷን ነው። ጣና ዳር የምታውቃትና እዚህ ያለችው በሳይንስ ስማቸው ይለያያሉ እንጂ ጥቁር እግርና ቢጫ ጣት ያላቸው የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው።

ልጄ ወደ እኔ ዞራ «ሳቢሳ ምንድነው?» አለችኝ። እዚህ አገር ስኖር፣ እዚያ ቦታ መኪና ሳቆም፣ «ነጭ ወፍ» ከማለት በቀር ስም አልነበረኝም። መልሱን የያዘችው እናቴ ናት። ልጄ ይህን ስትረዳ አየኋት። ከመሃላችን ወጥታ ከአያቷ ጎን ተቀመጠች፤ «ያኛውስ?» አለች፤ «ያኛውስ?»

የዚያን ቀን ማታ ልጄ አንድ ደብተር አወጣች። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ስለዚህ እናቴ ትናገራለች፣ ልጄ ትጽፋለች። «ሳቢሳ»ን በንጉሡ ሠ ጽፋው ነበር፤ አረምኩላት። ለሁለት ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ ከእናንተ ዘንድ እየመጣች የተማረችው ፊደል ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ አገኘ። አያቷ የምታውቀውን ነገር ሌላ ማንም ሊጽፍላት አይችልም ነበርና።

አስተማሪዎች፣ እናንተን ለመውቀስ አይደለም ይህን የምጽፈው። የሳምንት ዕረፍታችሁን ሰጥታችሁ፣ ያለ ደመወዝ፣ ጠዋት ተነስታችሁ የሰው ልጅ ታስተምራላችሁ። ልጆቹ ግን «በሬ» የሚለውን ቃል የሚማሩት በሬ አይተው ሳይሆን ወረቀት ላይ የተሳለ በሬ ቀለም እየቀቡ ነው። «ማረሻ» ብለው ያነባሉ፤ ማረሻ ምን እንደሆነ ቤት ሄደው አይጠይቁም፣ ቤታቸው ማረሻ የለምና። ወፍ ግን እዚህ አለ። ጭቃ አለ፣ ሸምበቆ የሚመስል ሣር አለ፣ ደለል አለ፣ ሙላትና ጉድለት አለ። ቃሉና ነገሩ አንድ ላይ የሚገኙበት ቦታ ከቤታችሁ በደቂቃዎች መንገድ ላይ ነው። ቃሉን የሚያውቁት ሰዎች ደግሞ አፓርታማ ውስጥ ተቀምጠው የሚያናግራቸው ሰው እየጠበቁ ናቸው።

ልመናዬ ይህ ነው፤ በወር አንድ ቅዳሜ ትምህርቱን ረግረጉ ዳር አድርጉት። ልጆቹ ሲመጡ አያቶቻቸው አብረው ይምጡ፤ አያት የሌለው ልጅ የሰው አያት ይዋስ። መጓጓዣ ለሚቸግራቸው አዛውንቶች እኛ ሾፌሮች አለን። ከጓደኞቼ ጋር ተነጋግሬያለሁ፤ ያን ቀን በነጻ የምናመላልስ ከበቂ በላይ ነን። እድሮች ደግሞ በሐዘን ጊዜ የምታወጡትን ድንኳንና ወንበር ለዚያ ቀን አውሱን። በተረፈ ቡናና ዳቦ ይበቃናል። ዳቦው ለሰው ነው፤ ለወፍ እንዳንሰጥ አደራ። ይህን የምለው ራሴ ስላጠፋሁ ነው። መሃል ከተማ ያለው ሜሪት ሐይቅ ከ1870 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ የወፍ መጠለያ ነው፤ በዚህ አገር የመጀመሪያው እሱ ነው። እዚያ ልጆቼን ይዤ እየሄድኩ ለዳክዬዎቹ የተረፈ ዳቦ ስበትን ኖሬያለሁ። ዳቦ ሆዳቸውን ይሞላል እንጂ አይመግባቸውም፤ የተረፈው ውሃ ውስጥ ይበሰብሳል። ሳውቅ ተውኩ።

ስሞቹን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። አዛውንቶቹ በስሞቹ ላይ አይስማሙም። እናቴ ለዳክዬውም ለዝዩም «ይብራ» ትላለች። አንድ ቀን አብረውን ወደ ረግረጉ የመጡ አንድ አባት ግን ይብራ ሌላ ነው፣ ትልቁ ነው፣ ከምንቃሩ ስር ከረጢት ያለው ነው አሏት። ፔሊካን ማለታቸው ነበር። ኦሪት ዘሌዋውያን ላይ ይብራም፣ ሳቢሳም፣ ሽመላም በስም ተጠቅሰዋል፤ ቀሳውስት ብትመጡልን ይህን ክርክር ትዳኙልናላችሁ። ልጆቹ ይህን ሙግት አፋቸውን ከፍተው ነበር የሚሰሙት። ሁለት ሽማግሌዎች በአንድ ቃል ላይ ከልባቸው ሲከራከሩ ማየት ለቋንቋ ትምህርት የሚሰጠውን ጉልበት እኔ በሌላ መንገድ አላየሁትም።

ከሀገር ቤት ጋር በእውነት የምንጋራቸው ወፎችም አሉ። ጅራተ ረጅሙና ማንኪያ የመሰለ ምንቃር ያለው፣ ሁለቱ ስደተኛ ዳክዬዎች፣ በፈረንጅ ክረምት ከሰሜን ወርደው እዚህ ይከርማሉ፤ በዚያው ወራት የእነሱው ዘሮች ከአውሮፓና ከሳይቤሪያ ተነስተው ጣና ዳርና በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ላይ ያርፋሉ። ቀን ተኮራምቶ የሚውለው፣ ዓይኑ ቀይ፣ ጀርባው ጥቁር፣ ከአናቱ ላይ ሁለት ነጭ ክር የሚመስል ላባ የሚጥለው፣ ሲመሽ «ቋክ» እያለ የሚወጣው ወፍም አለ። እሱ እዚህም ኢትዮጵያም አንድ ዘር ነው። የኦክላንድ ከተማ ምክር ቤት በ2019 የከተማዋ ወፍ ብሎ ሰይሞታል። ለዚህ የለፉት የትምህርት ቤት ልጆች ናቸው። እናቴ አይታው «ይሄማ የኛ ነው» ስትል ልጄ «የኛም ነው» አለቻት።

አሁን ደግሞ ስለ አንዲት ወፍ ልንገራችሁ። የምለምናችሁ ሌላም ነገር ከእሷ ጋር የተያያዘ ነው።

መጠኗ ዶሮ ታክላለች። ጀርባዋ ግራጫ፣ ደረቷ የዛገ ብረት ይመስላል፣ ምንቃሯ ረጅምና ወደ ብርቱካን ያዘነበለ ነው። ስትራመድ ጅራቷን ነጠቅ እያደረገች ከስሩ ነጭ ታሳያለች። መብረር ብትችልም አትወድም፤ በሣሩ ስር በእግሯ ትሹለከለካለች። ጎህ ሲቀድና ጀምበር ስትጠልቅ የምታሰማው ድምፅ ሰው ያጨበጨበ ይመስላል፤ የድሮ ስሟም ከዚሁ የመጣ ነው። ከ2014 ወዲህ በአንድ የወፍ ሊቅ ስም ሪጅዌይስ ሬይል ትባላለች። የዚህ ባሕረ ሰላጤ ዘሯ በዓለም ላይ ከዚህ ሌላ ቦታ የለም ማለት ይቻላል። ከ1849ኙ የወርቅ ግርግር በኋላ ለሳን ፍራንሲስኮ ምግብ ቤቶች በገፍ ትታደን ነበር። አደኑ በሕግ ቢቆምም ረግረጎቹ ለወደብ፣ ለጨው ማምረቻ፣ ለቤትና ለፋብሪካ እየተደለደሉ ሄዱ። እኔ እንጀራዬን የማገኝበት ኤርፖርት ራሱ የተሠራው በተደለደለ ረግረግ ላይ ነው። በ1970 ሊጠፉ ከተቃረቡ ፍጥረታት ተርታ ተመዘገበች። ከቀሯት መጠጊያዎች አንዱ አሮውሄድ ነው።

ከታኅሣሥ እስከ ጥር ባሉት ሳምንታት ባሕሩ በዓመት ውስጥ ከሚሞላው ሁሉ በላይ ይሞላል። እዚህ ንጉሥ ሙላት ይሉታል። ረግረጉ በሙሉ ይሰጥማል። የሣሩ ጫፍ ብቻ ይቀራል፤ አንዳንዴም እሱ አይቀርም። ያን ጊዜ ወፏ መደበቂያ ስለምታጣ ወደ ዳር ትወጣለች፤ እዚያ ደግሞ ጭልፊቱም፣ ድመቱም፣ ውሻውም፣ ሰውም ይጠብቃታል። በአንድ እንዲህ ያለ ጠዋት መኪና ማቆሚያው ጠርዝ ላይ ያለች አንዲት ቁጥቋጦ ስር ተኮራምታ አየኋት። ከእኔ ሦስት እርምጃ ቢሆን ነው። ላባዋ ርሶ ከገላዋ ተጣብቋል። አንገቷን ወደ ትከሻዋ ስባ፣ ዓይኗን እኔ ላይ ተክላ፣ አንድም ጊዜ ሳታርገበግብ ቆማለች። ከኋላዬ አንድ ያልታሰረ ውሻ እየሮጠ መጣ። ባለቤቱ ሩቅ ነው፣ ጆሮው ላይ ሙዚቃ ሰክቷል። ሳላስበው በሁለቱ መሃል ቆሜ እጄን ዘረጋሁ፤ ጮህኩ። ሰውዬው ደርሶ ውሻውን አሰረ። ወፍ መኖሯን አላወቀም ነበር፤ ሳሳየው ደነገጠ፤ ይቅርታ ጠይቆኝ ሄደ። እኔ ግን ውሃው እስኪጎድል፣ ሁለት ሰዓት ያህል፣ ተራዬን ጥዬ እዚያው ቆምኩ። ሣሩ ብቅ ሲል እሷም አንድ እግሯን አነሳች፣ ጅራቷን ነጠቅ አደረገችና ገባች።

ለዚህች ወፍ ሲሉ ሰዎች ምን እንዳደረጉ ብታውቁ ትገረማላችሁ። በ1970ዎቹ ከምሥራቁ የአሜሪካ ጠረፍ የባሕር ሣር አምጥተው እዚህ ተክለው ነበር። ሣሩ ከአገሬው ሣር ጋር ተዳቅሎ ተስፋፋ፤ ወፎቹ የሚበሉበትን ባዶ ጭቃ ዋጠው። ይህን ለእናቴ ስነግራት ወዲያው «የነሱ እምቦጭ ነው በለኛ» አለችኝ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላውቅም። ሣሩን ማጥፋት ሲጀመር ግን ሌላ ችግር መጣ፤ ሣሩ ቁመቱ ረጅም ስለነበር ለወፏ በሙላት ጊዜ መደበቂያ ሆኗት ኖሯል። ሣሩ ሲጠፋ የወፏም ቁጥር ወረደ። ስለዚህ ተመራማሪዎች ከላያቸው የጎጆ ክዳን የመሰለ ጥላ ያላቸው ተንሳፋፊ መደቦች ሠርተው አሮውሄድ ላይ አስቀመጡላት። ባሕሩ ሲሞላ መደቡ አብሮ ከፍ ይላል፤ ወፏም ወጥታ ተጠልላበታለች። በዳሩ ላይም የአገሬውን ቁጥቋጦ ይተክላሉ። መጥፎውን ነገር ለመንቀል እንኳ ማን እንደተጠለለበት ማየት እንደሚያስፈልግ እነዚህ ሰዎች በሥራ ተምረውታል።

እምቦጭ የተባለው አረም በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2011 ጀምሮ ጣናን ሲወር ያደረግነውን አስታውሱ። እዚህ ያለን ሰዎች ገንዘብ አዋጣን፣ አዳራሽ ተከራየን፣ ስለ ማጨጃ ማሽን ሌሊት ሌሊት በስልክ ተወያየን። እኔም ካለኝ ሰጥቻለሁ፤ ዛሬም ብጠየቅ እሰጣለሁ። ያ ሁሉ ፍቅር የውሃ ፍቅር ነው። በዚያው ልብ በራችን ላይ ያለውን ውሃም እንድናይ ነው የምለምነው። ይህ ባሕረ ሰላጤም ሊደለደል ተቃርቦ ያውቃል። በ1961 በበርክሌይ ሦስት ሴቶች፣ ኬይ ከር፣ ሲልቪያ ማክላፍሊንና ኤስተር ጉሊክ፣ ተሰባስበው ድልደላው ይቁም ብለው ተነሱ። በ1965 ድልደላውን የሚቆጣጠር ሕግ ወጣ። በ2016 ደግሞ የባሕረ ሰላጤው ዘጠኝ አውራጃዎች ሕዝብ ረግረጎቹ መልሰው እንዲያገግሙ በእያንዳንዱ ይዞታ ላይ በዓመት 12 ዶላር ለ20 ዓመት እንዲከፈል በድምፁ ወስኗል። ቤት የገዛችሁ ሁላችሁ ትከፍላላችሁ ማለት ነው። ረግረጉ በገንዘባችሁ የሚጠበቅ ንብረታችሁ ነው።

አሁን ለሙያ ጓደኞቼ፣ ለሾፌሮች። ይህን በፍቅር ተቀበሉኝ። መንገድ ዳር ያለችው የዝናብ ውሃ መውረጃ ወደ ፍሳሽ ማጣሪያ የምትሄድ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። አትሄድም። እዚያ የገባው ሁሉ ሳይጣራ በቀጥታ ጅረት ውስጥ፣ ከጅረቱም ባሕር ውስጥ ይወድቃል። አንድ የማውቀው ሰው ግቢው ውስጥ የመኪናውን ዘይት ቀይሮ አሮጌውን እዚያ ሲደፋ አይቻለሁ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ማንም ነግሮት አያውቅም። አሮጌ ዘይት በነጻ የሚቀበሉ ቦታዎች በየሰፈሩ አሉ፤ ብዙዎቹ የመኪና ዕቃ መሸጫዎች ናቸው። ያጣ ሰው ወደ እኔ ያምጣ፣ እኔ አደርስለታለሁ። መስኮት ከፍቶ የቡና ብርጭቆ የሚጥልም አለ። በመጀመሪያው ዝናብ ማግስት ረግረጉ ዳር ብትቆሙ ያ ብርጭቆ ክዳኑን እንደደፋ ከሳቢሳዋ እግር ስር ሲንሳፈፍ ታገኙታላችሁ። ስንት ጊዜ በዱላ እየጎተትኩ አውጥቻለሁ።

የካሊፎርኒያ የባሕር ዳር ጽዳት ቀን በየዓመቱ በሴፕቴምበር ሦስተኛው ቅዳሜ ይውላል። በእኛ አቆጣጠር ሁልጊዜ በእንቁጣጣሽና በመስቀል መካከል ነው። ከዚህ የተሻለ ቀን ማን ሊመርጥልን ይችል ነበር? ልጆቹ አበባ አየሽ ሆይ ባሉበት ሳምንት ጓንት አድርገው፣ ከረጢት ይዘው ይውጡ። ሰበካ ጉባኤዎች የዚያን ቀን ማስታወቂያ ከቅዳሴ በኋላ ብታነቡልን የሚመጣው ሰው ብዛት የት እንደሚደርስ እኔ አውቃለሁ፤ ለንግሥ በዓል ስንት ሰው እንደማመላልስ ታውቃላችሁና።

ፓርኩን ለሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤትም አንድ ቃል አለኝ። ይህን ደብዳቤ በእንግሊዝኛ አስተርጉሜ እልካለሁ። ረግረጉ ዳር ካሉት ሰሌዳዎች በአንዱ ላይ አማርኛ እንዲጨመር እንጠይቃለን። የወፎቹን ስም እኛው እናቀርባለን፤ በአዛውንቶቻችን ቃል፣ በልጆቻችን እጅ ተጽፎ። በንጉሥ ሙላት ቀናት ዳር ቆመው ሰውን «ውሻህን እሰር፣ እዚህ ቁጥቋጦ ስር ወፍ አለች» የሚሉ በጎ ፈቃደኞች ካስፈለጉም ከእኛ ሰፈር ይገኛሉ። ለዚህ ቃል እገባለሁ።

እናቴ አሁን ቀኑን በታቦቱ ብቻ ሳይሆን በሙላቱም ታውቃለች። «ዛሬ ውሃው በስንት ሰዓት ነው?» ትለኛለች፤ ልጄ በስልኳ አይታ ትነግራታለች። ባለፈው ሳምንት ከእንጨት የተሠራው መረማመጃ ላይ ጎንበስ ብላ አንድ የሣር ቅጠል በጣቷ ዳበሰች። ሣሩ የጠጣውን ጨው በቅጠሉ ያወጣዋል፤ ጣቷ ላይ ነጭ ብናኝ ቀረ። ምላሷ ላይ አደረገችውና ሳቀች። ከመጣች ጀምሮ እንደዚያ ስትስቅ ስሰማት የመጀመሪያዬ ነው።

የመጪው ወር የመጀመሪያ ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓት በሀገር ቤት አቆጣጠር ስዋን ዌይ መጨረሻ ላይ መኪና ማቆሚያው ጋ እንገኛለን። ሁለት ባይኖኩላር አለን፣ በተራ እናያለን። ነጠላ ብቻውን አይበቃም፤ ነፋሱ ብርድ አለው፣ አዛውንቶቹን ጋቢ አልብሷቸው። ልጄ ደብተሯን ይዛ ትመጣለች። እስካሁን 31 ስም ተጽፎበታል። የዚያች በእግሯ የምትሹለከለከው ወፍ መስመር ግን ባዶ ነው። እናቴ «የውሃ ዶሮ» ብላት ነበር፤ ኋላ ግን «ቆይ፣ አትጻፊው፣ የሌሎቹን እናቶች ልጠይቅ» አለቻት።

አክባሪያችሁ፣
የስዋን ዌዩ ሾፌር
ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ